ስኳር በሽታ ከመምጣቱ በፊት የደም ውጤታችሁን እንዴት ታነባላችሁ? ለባሕር ዳርና ለጣና ዙሪያ ሰው

ከላቦራቶሪ የወሰዳችሁትን የመጨረሻ ወረቀት አሁን ፈልጉ ብትባሉ ታገኙታላችሁ? አብዛኞቻችን አናገኘውም። ሐኪሙ «ደህና ነህ» ካለ ወረቀቱ ኪስ ውስጥ ይቀርና ከሱሪው ጋር አብሮ ይታጠባል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እዚያ ወረቀት ላይ ያሉት ቁጥሮች በሽታው አለ ወይስ የለም የሚለውን ብቻ አይነግሩንም፤ ወዴት እያመራን እንደሆነም ይናገራሉ።

ዓይነት 2 የሚባለው፣ ብዙውን ሰው የሚይዘው ስኳር በሽታ ድንገት አይመጣም። በእንግሊዝ አገር ከ6,500 በላይ የመንግሥት ሠራተኞችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሞ ነበር። በኋላ ስኳር የተገኘባቸው ሰዎች የጾም ስኳራቸው (ሌሊቱን ሳይበሉ አድረው ጠዋት የሚለካው) ለብዙ ዓመት ቀስ እያለ ሲጨምር ነው የቆየው። በሽታው ሊታወቅ ሦስት ዓመት ገደማ ሲቀረው ግን በፍጥነት ወጣ። ማለትም ቀድሞ ለሚያይ ሰው ጊዜ አለ።

ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻውን አትመኑ። የጾም ስኳሩን ከሦስት ወሩ የስኳር አማካይ ጎን፣ የሦስት ወሩን ከደም ቅባቱ ጎን፣ የዘንድሮውን ከአምናው ጎን አስቀምጣችሁ አንብቡ። እንዴት የሚለውን ከታች በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

1. ከደሙ በፊት ወገባችሁን ለኩ

የልብስ ሰፊ ሜትር ያዙ። ከታችኛው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት መሃል ላይ፣ አየር አስወጥታችሁ፣ ሆድ ሳትስቡ ለኩ። ወንድ ከ94 ሴንቲሜትር፣ ሴት ከ80 ሴንቲሜትር በላይ ከሆነ ሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ስብ አለ ማለት ነው። ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት ሴሎች የሚያስገባው ኢንሱሊን ሥራውን እንዳይሠራ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋነኛው ይሄ ስብ ነው።

ዕድሜያችሁ 35 ካለፈ ተመርመሩ። ከዚያ በታች ሆናችሁም ውፍረት ካላችሁና እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እህት ስኳር ካለባቸው፣ ደም ግፊት ካለባችሁ፣ ወይም በእርግዝና ጊዜ ስኳር ታይቶባችሁ ከነበረ አትዘግዩ። በእርግዝና ጊዜ ስኳር ታይቶባት የነበረች ሴት ከወለደች በኋላ ስኳሩ ቢጠፋም ወደፊት የመታመም ዕድሏ ከሌሎች እናቶች ብዙ እጥፍ ነው። «ወልጄ ለቀቀኝ» ብላ የተወችው ካለች ይሄን ጽሑፍ አሳዩልኝ።

«እኔ ቀጭን ነኝ፣ አይመለከተኝም» የሚልም ብዙ ነው። አይደለም። ጎንደር የሚሠሩ ሐኪሞች ከገጠር የሚመጡ፣ ቀጫጭንና ወጣት የሆኑ የስኳር ሕሙማንን ማየት ከጀመሩ አሥርት ዓመታት አልፈዋል።

2. ከምርመራው በፊት ያለውን ማታ በደንብ ያዙ

ለጾም ስኳር ቢያንስ 8 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መቆየት ያስፈልጋል። ቅባትም አብሮ የሚታይ ከሆነ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ቢሆን ይሻላል። ቀላሉ መንገድ፦ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ እራታችሁን ጨርሱ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ላቦራቶሪ ተገኙ። ውሃ ይጠጣል። ሌላው ሁሉ ይቆይ።

ቡና ላይ ችግር አለ። ቡናን እንደ ምግብ አንቆጥረውም።

«እማማ፣ ዛሬ የቀመሱት ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም አልቀመስኩም ልጄ፣ ቡና ብቻ ነው የጠጣሁ።»

ሁለት ማንኪያ ስኳር የገባበት ቡና ጾሙን አፍርሶታል። ያለ ስኳር የተጠጣውም ቢሆን ይቅር፤ ደም ከሰጣችሁ በኋላ ተረጋግታችሁ ትጠጡታላችሁ። እናታችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ማታውኑ «ቡናም አይጠጣም» ብላችሁ በግልጽ ንገሯቸው።

ስለ ሃይማኖት ጾምም ልናገር፣ ብዙ ሰው ይጠይቃልና። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው «ጿሚ ስለሆንኩ ከሰዓት ልሂድ» ሊል ይችላል። አይሆንም፣ ጠዋት ሂዱ። በወረቀቱ ላይ ያሉት መለኪያዎች የተሠሩት ሌሊቱን ጾሞ ጠዋት ለሚሰጥ ደም ነው፤ ከሰዓት የሚለካው የጾም ስኳር ዝቅ ብሎ ሊታይና ችግሩ ሊያመልጥ ይችላል። በረመዳንም ያው ነው፤ ከሱሑር በኋላ ጠዋት ብትሄዱ የበላችሁት ገና ከደማችሁ አልወጣም፣ ስለዚህ ከወሩ በፊት ወይም በኋላ ብታደርጉት ይቀላል። የበዓል ሰሞንም ጥሩ አይደለም። ከፋሲካ ማግስት፣ ዶሮ ወጡና ጠላው ገና ሳይወርድ ደም ብትሰጡ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ቅባት ከልማዳችሁ በላይ ሆኖ ይታያል።

ትኩሳት ላይ ሆናችሁም አትመርመሩ። ሰውነት ሲታመም ስኳር ለጊዜው ይወጣል። ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ለባለሙያው ንገሩ፣ ሁለቱም ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ።

3. ምን ምን እንዲታይላችሁ ትጠይቃላችሁ?

አራት ነገር፦ የጾም ስኳር፣ የሦስት ወር አማካይ የሚባለው ኤችቢኤዋንሲ (HbA1c)፣ የቅባት ምርመራ (ትራይግሊሰራይድና ጥሩው ቅባት የሚባለው ኤችዲኤል መኖራቸውን አረጋግጡ) እና የደም ሴሎችንና ሄሞግሎቢንን የሚያሳየው ሲቢሲ (CBC)። ሲቢሲ ለምን እንደተጨመረ ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

የጾም ስኳር ጤና ጣቢያም ይሠራል። ኤችቢኤዋንሲ ግን በየቦታው ላይገኝ ይችላል፤ ጤና ጣቢያችሁ ከሌለ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ሪፈር ጠይቁ፣ ካልሆነም የግል ላቦራቶሪዎችን ጠይቁ። ዋጋው ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ አስቀድማችሁ ደውሉ። ጤና መድህን ያላችሁ ሰዎች ደብተሩን አትርሱ፣ ከጤና ጣቢያም ጀምሩ፣ ያለ ሪፈር ቀጥታ ሆስፒታል ብትሄዱ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ሳታፍሩ ጠይቁ፦ «ደሙ እዚሁ ነው የሚመረመረው ወይስ ሌላ ቦታ ይላካል?» በብልቃጡ ውስጥ ያሉት የደም ሴሎች ስኳሩን መብላት አያቆሙም። የደሙ ፈሳሽ ከሴሎቹ ሳይለይ ክፍል ሙቀት ውስጥ ከተቀመጠ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ የሚሆን ስኳር ሊጠፋ ይችላል። በባሕር ዳር ሙቀት ሦስት ሰዓት በባጃጅና በጠረጴዛ ላይ የቆየ ደም 112 የነበረውን ስኳር 95 አድርጎ ሊያሳይ ይችላል ማለት ነው። እናንተም ደህና ነኝ ብላችሁ ትመለሳላችሁ። እዚያው የሚመረምር፣ ወይም ደሙን ቶሎ የሚለይ ቦታ ምረጡ።

ጣት ተወግቶ የሚለካው ትንሹ ማሽንስ? ለክትትል ጥሩ ነው፣ ለመወሰን ግን አይበቃም። ዓለም አቀፉ ደረጃ ራሱ ለእነዚህ ማሽኖች 15 በመቶ ወደላይና ወደታች ይፈቅዳል። ትክክለኛው 110 የሆነ ሰው 95ም 125ም ሊነበብለት ይችላል። ማንጎ ልጣችሁ እጃችሁን ሳትታጠቡ ከለካችሁማ የጣታችሁን ስኳር ነው የለካችሁት።

4. የሦስት ወሩን ቁጥር ስታነቡ ወባን አስቡ

ኤችቢኤዋንሲ በጣም ጠቃሚ ምርመራ ነው። ደም ውስጥ ያለው ስኳር ቀይ የደም ሴል ውስጥ ባለው ሄሞግሎቢን ላይ ይጣበቃል። ሴሉ 120 ቀን ገደማ ስለሚኖር፣ የተጣበቀው መጠን ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት ያሳያል። መጾምም አያስፈልገውም። ትናንት ምን በላሁ የሚለው አያሳስብም።

ግን ሁሉም ነገር የቆመው ቀይ የደም ሴሉ ዕድሜውን ጨርሶ ይኖራል በሚል ላይ ነው። እኛ አገር ደግሞ ይሄ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ፎገራ፣ ደንቢያና የባሕር ዳር ዙሪያ ወባ የሚያውቃቸው ቦታዎች ናቸው። ወባ ቀይ የደም ሴልን ያፈርሳል። በፈረሰው ፋንታ አዲስ ሴል ይመረታል፣ አዲሱ ደግሞ ስኳር የሚጣበቅበት በቂ ጊዜ አላገኘም። ውጤቱ ያላግባብ ዝቅ ይላል። ትክክለኛው 6.2 ሊሆን የሚገባው ሰው 5.5 ሊያይና ሊደሰት ይችላል። ስለዚህ ባለፉት ሦስት ወራት ወባ ታማችሁ ከነበረ፣ ደም ተሰጥቷችሁ ከነበረ ወይም ብዙ ደም ፈሷችሁ ከነበረ ይሄን ምርመራ አቆዩትና በጾም ስኳሩ ተመሩ።

የብረት እጥረት ያመጣው የደም ማነስ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ውጤቱን ከእውነተኛው ከፍ ያደርገዋል። የወር አበባዋ ብዙ የሚፈስ ሴት 5.9 ብትባል መጀመሪያ ሄሞግሎቢኗ ይታይ። ሲቢሲ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። እርጉዝ ሴትም በኤችቢኤዋንሲ አትመራ።

የጾም ስኳሩና የሦስት ወሩ ካልተስማሙ አትደናገጡ። ሐኪሙን «ለምን ተለያየ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

5. አሁን ቁጥሮቹን አንብቡ

መጀመሪያ መለኪያውን እዩ። የእኛ ላቦራቶሪዎች ስኳርን ብዙ ጊዜ በሚሊግራም በዴሲሊትር ይጽፋሉ፣ አንዳንዱ ግን በሚሊሞል በሊትር ነው። ሚሊሞሉን በ18 ስታበዙት ሚሊግራሙን ታገኛላችሁ። ይሄን የማያውቅ ሰው የጾም ስኳር 6.1 የሚለውን አይቶ የሦስት ወሩ ይመስለዋል። 6.1 ሚሊሞል 110 ሚሊግራም ነው።

የጾም ስኳር ከ100 በታች ከሆነ ደህና ነው። ከ100 እስከ 125 መካከለኛው፣ ቅድመ ስኳር የሚባለው ነው። 126ና ከዚያ በላይ ስኳር በሽታ ነው፣ ግን በሌላ ቀን ወይም በሌላ ምርመራ መረጋገጥ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት መካከለኛውን ከ110 ነው የሚጀምረው፤ ስለዚህ 104 አግኝታችሁ አንዱ ሐኪም «ተጠንቀቅ» ሌላው «ምንም አይደል» ቢላችሁ ሁለቱም ከመጽሐፍ ነው የሚናገሩት። እኔ ከ100 ጀምሮ ብትጠነቀቁ እመርጣለሁ፣ ጥንቃቄው ጉዳት የለውምና።

ኤችቢኤዋንሲ ከ5.7 በመቶ በታች ደህና፣ ከ5.7 እስከ 6.4 መካከለኛ፣ 6.5ና ከዚያ በላይ በሽታ ነው። 6.5 ማለት ስኳራችሁ ቀንና ሌሊቱ ሲደማመር በአማካይ 140 ገደማ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛ ምርመራም አለ፦ 75 ግራም ግሉኮስ በውሃ ተበጥብጦ ተጠጥቶ ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚለካው። ከ140 በታች ደህና፣ ከ140 እስከ 199 መካከለኛ፣ 200ና በላይ በሽታ። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን የጾም ስኳር የሚደብቀውን ያወጣል። በተለይ ወባ ወይም የደም ማነስ የሦስት ወሩን ላበላሸበት ሰው ጥሩ ነው። ከእሱ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት እንደ ልማዳችሁ እንጀራችሁን ብሉ፤ ሲጾሙና ሲቀንሱ ሰንብቶ ግሉኮሱን መጠጣት ውጤቱን ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

6. ቅባቱን ከስኳሩ ጎን አስቀምጡ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው። ትራይግሊሰራይድ ከ150 በላይ፣ ኤችዲኤል ደግሞ ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 በታች ሲሆን፣ ሁለቱ አብረው ሲመጡ በተለይ፣ ሰውነት ኢንሱሊንን መስማት እየተወ መሆኑን ይጠቁማሉ። ስኳሩ ገና ሳይወጣ ማለት ነው። ቆሽት ብዙ ኢንሱሊን እያመረተ ስኳሩን ይዞት ይቆያልና።

ሁለት ሰው እናስብ። ሁለቱም የጾም ስኳራቸው 98 ነው፣ ሁለቱም «ደህና» ተብለዋል። አንደኛው ትራይግሊሰራይዱ 85፣ ኤችዲኤሉ 52፣ ወገቡ 84 ነው፤ አምናም ስኳሩ 97 ነበር። ሁለተኛው ትራይግሊሰራይዱ 210፣ ኤችዲኤሉ 34፣ ወገቡ 103 ነው፤ ካቻምና 86፣ አምና 92 ነበር። ወረቀቱ ላይ አንድ ዓይነት 98 ነው የተጻፈው። ሁለተኛው ሰው ግን አኗኗሩን ማስተካከል ዛሬውኑ መጀመር አለበት።

የጉበት ምርመራ አሠርታችሁ ከነበረ ኤኤልቲ የሚለውንም እዩት። መጠጥ ሳይኖር፣ የጉበት ቫይረስም ሳይኖር ከፍ ካለ ጉበት ላይ ስብ ሊኖር ይችላል፣ ይሄም ከስኳር ጋር አብሮ የሚሄድ ነገር ነው። የጾም ኢንሱሊን የሚባል ምርመራም አለ። እኔ በመጀመሪያ ገንዘባችሁን እዚያ ላይ አታውጡ እላለሁ፤ ሁሉም የተስማማበት መለያ ቁጥር የለውም፣ ከማሽን ማሽንም ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ የፍራሚንግሃም ተመራማሪዎች ሉሲንና ቫሊንን ጨምሮ አምስት አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚሠራባቸው ንጥረ ነገሮች) በደም ውስጥ ከፍ ማለታቸው እስከ 12 ዓመት አስቀድሞ አደጋውን እንደሚጠቁም አሳይተዋል። ትልቅ ግኝት ነው፣ ግን በየላቦራቶሪው ሄዳችሁ የምታዙት አይደለም። ለእኛ ከላይ ያሉት አራቱ ይበቃሉ።

7. መካከለኛው ላይ ከሆናችሁ

መካከለኛ ማለት በሽታ አይደለም፤ ግን ዝም የሚባልም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የአሜሪካ የስኳር መከላከያ ጥናት 3,234 እንደናንተ መካከለኛው ላይ ያሉ ሰዎችን ወስዶ ሦስት ዓመት ገደማ ተከታተለ። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት ሰዎች በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተሰጣቸው በ31 በመቶ። እግርና ማዕድ ከክኒኑ በለጡ። ዕድሜያቸው 60ና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ ደግሞ ለውጡ ይበልጥ ጎልቶ ታየ፣ ስለዚህ «እኔማ አርጅቻለሁ» የሚል ሰው ቢሰማ ደስ ይለኛል።

150 ደቂቃ ማለት በቀን 30 ደቂቃ፣ አምስት ቀን። ባሕር ዳር ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። ሜዳ ናት፣ የዘንባባው ጥላ አለ፣ የሐይቁ ዳር አለ፣ ብስክሌት ለአዋቂም ነውር አይደለም። ለአጭር መንገድ ባጃጅ መያዙን ትታችሁ በእግር መሄድ ብቻ ብዙ ይቆጠራል። የበረታ ቅዳሜ ቤዛዊት ይውጣ። ወገባችሁን የሚያጥፍ ሩጫ አያስፈልግም፣ እያወራችሁ ግን መዝፈን የማትችሉበት ፍጥነት ይበቃል።

ማዕድ ላይ፦ መጀመሪያ የሚጠጣውን ስኳር አንሱ። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው። በቀን ሦስት ስኒ ቡና ሁለት ሁለት ማንኪያ እያደረገ የሚጠጣ ሰው ስድስት ማንኪያ ነው፣ ቀስ እያላችሁ ወደ ግማሽ አውርዱት። ከዚያ እንጀራውን። እንጀራችሁ ውስጥ የፎገራ ነጭ ሩዝ በዝቶ ከተቀላቀለ ስኳርን ቶሎ ያወጣል፤ ጤፉን ወይም ዳጉሳውን ከፍ አድርጉ፣ የእንጀራውንም መጠን ቀንሱና ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን ጨምሩ። ዓሣ ደጃችን ነው። ቆሮሶውን ዘይት ውስጥ ከማስመጥ በወጥ ወይም በጥብስ መልክ በትንሽ ዘይት ብሉት።

ሽፈራውም ሆነ ሌላ ቅጠል ከዚህ በላይ የምትሠሩትን አይተካም። ሜትፎርሚንንም ጎረቤት ስለሚወስደው ብላችሁ ከፋርማሲ አትግዙ፤ የሚያስፈልገው መካከለኛ ሰው አለ፣ ኩላሊቱንና ክብደቱን አይቶ የሚወስነው ግን ሐኪም ነው።

ውሃ ጥም ከበዛ፣ ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ መነሣት ካለ፣ ሳይፈልጉ ክብደት ከቀነሰ ጾምና ጠዋት አትጠብቁ። በማንኛውም ሰዓት የተለካ ስኳር 200ና በላይ ሆኖ እነዚህ ምልክቶች ካሉ በሽታው አለ። ማስመለስ፣ በኃይል መተንፈስ ወይም መፍዘዝ ከተጨመረበት በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል።

8. ደብተር ያዙ

አንድ ደብተር ግዙ። ቀን፣ የጾም ስኳር፣ ኤችቢኤዋንሲ፣ ትራይግሊሰራይድ፣ ኤችዲኤል፣ ሄሞግሎቢን፣ ወገብ፣ ግፊት፣ የተመረመራችሁበት ቦታ። ጎኑ ላይ «ወባ ነበረብኝ» ወይም «ከበዓል በኋላ ነው» የሚል ማስታወሻ ጻፉ። የወረቀቱንም ፎቶ በስልካችሁ አንሱ። ከተቻለ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ተመርመሩ፣ ማሽን ሲቀያየር ቁጥሩም ይቀያየራልና።

ሁሉም ደህና ከሆነ በሦስት ዓመት ድገሙት። መካከለኛው ላይ ከሆናችሁ በየዓመቱ። አኗኗር ለውጣችሁ ውጤቱን ማየት ከፈለጋችሁ ኤችቢኤዋንሲን ከሦስት ወር በፊት አትድገሙ፣ ሴሎቹ ገና አልተተኩም። በእርግዝና ስኳር ታይቶባት የነበረች እናት ከወለደች ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ የግሉኮስ መጠጡን ምርመራ ታድርግ፣ ከዚያ ደህና ብትባልም ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ እየመላለሰች ትታይ። ለሕፃኑ ክትባት ጤና ጣቢያ በምትሄድበት ቀን ቀጠሮውን ብታስይዘው ይቀላታል።